ቶሎ መነሳት ፍጥነት ሆነና!

«ጃቫ ቀርፋፋ ነው፤ ወደ ኔቲቭ እንለውጠውና ፍጥነት ምን እንደሆነ ታያላችሁ» አሉ ሰሞኑን አንድ የቴክኒክ ኃላፊ፣ ማይክ ጨብጠው። ስላይዳቸው ላይ ከሰከንዶች ወደ ሚሊሰከንዶች ያሽቆለቆለ ግራፍ ነበር። ጭብጨባው ቀለጠ።

ጌታዬ፣ ያ ግራፍ እኮ የመነሻ ጊዜ ነው! የለካው ፕሮግራሙ ተነስቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ እስኪቀበል ያለችውን ቅጽበት ብቻ ነው። የእርስዎ ሰርቨር አንዴ ከተነሳ ወር ከወር ሳይጠፋ ይከርማል። ታዲያ በዓመት ጥቂት ጊዜ የምትገኝ ያችን ሰከንድ ቆጥበው ለማን ሊያወርሷት ነው?

ከተነሳ በኋላ ያለው ሩጫ ሌላ ነገር ነው። የተለመደው የጃቫ ማስኬጃ ሆትስፖት፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የትኛው ሜተድ እንደሚደጋገም እየቆጠረ፣ ያንኑ እየመረጠ ወደ ማሽን ኮድ ይለውጣል፤ ግምቱ ካልያዘለት ኮዱን ጥሎ እንደገና ይሠራል። ኃላፊው «ኔቲቭ» ያሉት፣ ፕሮግራሙን ከመነሳቱ በፊት ወደ ማሽን ኮድ የሚለውጠው የግራልቪኤም ኔቲቭ ኢሜጅ ግን አንድም እውነተኛ ተጠቃሚ ሳያይ ሁሉን ወስኖ ይቆልፋል። ረጅም በሚሮጥ ሥራ ላይ ሆትስፖት ብዙ ጊዜ የሚቀድመውም ለዚህ ነው። ጉድለቱን የሚያካክሰው፣ የሙከራ ሩጫ መዝግቦ በዚያ መሠረት ኮምፓይል የማድረግ ዘዴ ደግሞ ያለው በኦራክል እትም ነው፤ ኃላፊው «ክፍት ምንጭ ነው» እያሉ ባወደሱት የኮሚዩኒቲ እትም ውስጥ የለም። ይህን ለመናገር ስላይድ አልተረፋቸውም።

ሪፍሌክሽንንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየሠራ ክላስን በስሙ መጥራቱን፣ አላነሱም። እንዲህ የሚጫን ክላስ አስቀድሞ ካልተመዘገበ ኮምፓይሉ በሰላም ሊያልፍ ይችላል፤ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ደንበኛ ፊት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደግሞስ ምኑ አዲስ ሆነና? ጂሲጄ የጂሲሲ ኮምፓይለሮች ቤተሰብ ሆኖ ጃቫን ወደ ማሽን ኮድ ሲለውጥ ኖሮ፣ ተንከባካቢ አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ጂሲሲ 7 ተወገደ። በዚያው ዓመት በጄዲኬ 9 ለሙከራ የገባው፣ አስቀድሞ ወደ ማሽን ኮድ የሚለውጥ ኮምፓይለርም ተጠቃሚው ጥቂት ሆኖ በ2021፣ በጄዲኬ 17፣ ወጣ።

ለትንንሽ የተርሚናል መሣሪያዎች፣ ጥሪ ሲመጣ ብቻ ለሚነቃ ፋንክሽን፣ ኔቲቭ ይሁን፤ ማን ከለከለ? የኃላፊው ሲስተም ግን የሚንቀራፈፈው ሪፖርት ሲከፈት ነው፤ ሚሊዮን መዝገብ ያለ ኢንዴክስ የሚያስስ የዳታቤዝ ጥያቄ ስላለበት። ያንን ጥያቄ የትኛውም የጃቫ ኮምፓይለር አይነካውም። ኢንዴክስ መጨመር ደግሞ አንድ መስመር ነው፤ አዳራሽ ተከራይተው አያስጨበጭቡበትም።