ወረቀት አይመረምርም

በሹም አቦም ሆነ በሌላው የባሕር ዳር ሰፈር ግሊሰሪን የማያውቅ ሰው የለም። የበጋው ደረቅ አየር ከንፈርና ተረከዝ ሲሰነጥቅ ከፋርማሲ ገዝተን እንቀባዋለን። ይኸው ግሊሰሪን በጥርስ ሳሙና ውስጥ አለ፤ ለልጆቻችን በማንኪያ በምንሰጠው ሽሮፕ ውስጥም አለ። የሚያሰጋው ደግሞ ከሚቀባው ይልቅ የሚዋጠው ነው።

ግሊሰሪን የሚመስል ግን መርዝ የሆነ ፈሳሽ አለ፤ ዳይኢቲሊን ግላይኮል ይባላል። እንደ ግሊሰሪን ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለና ጣፋጭ ነው፤ ዋጋው ግን ይረክሳል። የሚሠራው ለፋብሪካ አገልግሎት ነው፤ ሰው ሲጠጣው ኩላሊትን ያበላሻል። ቅቤ ስንገዛ እናሸትታለን፣ እንቀምሳለን። እዚህ ግን አፍንጫም ምላስም አያዋጣም፤ የሚለየው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። ለመድኃኒት በሚውል ግሊሰሪን ውስጥ ይህ ፈሳሽ ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም።

መስፈርቱ እያለ በተበከለ ሽሮፕ ሕፃናት አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በናይጄሪያ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት የተሠራ ሽሮፕ ከ80 በላይ ልጆችን ገደለ። በ2022 ጋምቢያ 70 ያህል፣ ኢንዶኔዥያም ከ200 በላይ ሕፃናትን ቀበሩ።

አደጋው እንዴት እንደሚመጣ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የፓናማ ታሪክ ነው። ከቻይና የተነሣ በርሜል በስፔን ነጋዴ በኩል አልፎ «ግሊሰሪን» ተብሎ ፓናማ ገባ። የመንግሥት ቤተ ሙከራ የሳል ሽሮፕ ሠራበት፤ በ2006 ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በርሜሉ በብዙ እጅ ሲያልፍ ሁሉም ወረቀቱን ተቀባበለ እንጂ ውስጡን የመረመረ አልነበረም።

በዓመቱ እዚያው ፓናማ ኤድዋርዶ አሪያስ የሚባል ተራ ሸማች ሱቅ ውስጥ የጥርስ ሳሙና አንሥቶ ጽሑፉን አነበበ። የመርዙ ስም ሳይደበቅ ተጽፏል! ሄዶ ለጤና ባለሥልጣናት አመለከተ፤ ሳሙናው በብዙ አገሮች ከገበያ ተሰበሰበ።

የእኛ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም የውበት መጠበቂያንም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ሕግ አልጎደለንም። ነገር ግን አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ ለምታስገባ አገር የላኪው ወረቀት ብቻውን ዋስትና ሊሆን አይችልም። «ምርመራ ውድ ነው» የሚለው መከራከሪያም ብዙ አያስኬድም፤ ይህን መርዝ ለመለየት ርካሽ የሆኑ የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራዎች አሉ።

ስለዚህ ከባለሥልጣኑ የምጠብቀው የሽሮፕና የግሊሰሪን ምርመራ ውጤትን ከነምርት መለያ ቁጥሩ በየጊዜው ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ነው። ፋርማሲዎችም ከትልቅ ዕቃ ቀድተው፣ ስምና ቁጥር በሌለው ጠርሙስ አይሽጡልን። እኛም አምራቹን፣ መለያ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ሳናነብ አንክፈል፤ ያጠራጠረን ነገር ካለ የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። አሪያስ ኬሚስት አልነበረም፤ ያደረገው ማንበብና ማመልከት ብቻ ነው። ይህን እኛም አናጣውም፤ የሚቀረው የመርማሪው ድርሻ ነው።