የሯጭ ግርማ ከወዴት ይመጣል?

ወጣቶች ስለ ሯጮች ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ንግግሩ ስለ ርቀትና ስለ ሰዓት ይጀመርና ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ያዘነብላል፤ እገሌ ምን ዓይነት አውቶሞቢል ይነዳል፣ እገሊት ጠጕሯን ምን ቀለም ነከረችው፣ ያኛው ያደረገው ጫማ በገበያ ስንት ያወጣል ይባባላሉ። በመጨረሻም ፍርድ ይሰጣሉ፤ «እርሱ አራዳ ነው፤ ያኛው ግን ቢያሸንፍም ፋራ ነው» ይላሉ። የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ዝም እንዳልል በዚሁ ፍርድ ተመርተው የሕይወታቸውን መንገድ የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ሯጭን ባለ ግርማ የሚያደርገው የሚለብሰው ወይም የሚገዛው ነገር አይደለም። ማንም ሳያየው የደከመው ድካም ሰው ሁሉ በሚያየው ሰዓት እርጋታ ሆኖ ሲወጣ ያን ጊዜ ግርማ ይባላል። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ውድድሮቹ የሚታወቁት በዚያ ቍጥር ነውና።)

አስቀድሜ የምሟገተው ግን ከወጣቶች ጋር ሳይሆን ከእኛ ከታላላቆቹ ጋር ነው። ወጣቶች ስለ ጫማ ሲያወሩ በሰማናቸው ቍጥር የአበበ ቢቂላን ባዶ እግር እንደ አለንጋ እናነሣባቸዋለን። «አበበ ያለ ጫማ ሮጦ ዓለምን አሸነፈ፤ እናንተ ያለ ውድ ጫማ ከደጅ አትወጡም» እንላለን። ንግግሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ክርክር ግን አይሆንም። አበበ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ የሮጠው ድኽነትን ሊያስከብር ወይም ትሕትናን ሊያስተምር ብሎ አልነበረም። የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ በልምምድ ጊዜ ለምዶታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ ምሽት ከአክሱም ተወስዶ በከተማው አደባባይ ቆሞ በነበረው ሐውልት አጠገብ አልፎ (ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል)፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት መንገድ ሮጦ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ዘንድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ በቶኪዮ ሲሮጥ ጫማ አድርጎ ነበር። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት ነበር። ሆኖም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ ሁለተኛው ሰው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ በዚህ መካከል ምን ሲሠራ ነበር? በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ ጎንበስ ቀና ሲል፣ እግሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲያወናጭፍ ነበር። በስታዲየሙ ሞልቶ የነበረው ሕዝብ ተደነቀ። አንዳንዶች ታይታ ነው ይሉታል፤ ለእኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ታይታ የሚያደርግ ሰው ወደ ተመልካቹ ይመለከታል፤ ይህ ወታደር ግን የጀመረውን ሥራ እንደሚጨርስ ሰው ወደ ራሱ አካል ነበር የሚመለከተው።

እንግዲህ በሮማ ያለ ጫማ፣ በቶኪዮ ከጫማ ጋር ነው፤ ግርማው ግን ያው ነው። ከባዶ እግር የመጣ ቢሆን ኖሮ ጫማ ባደረገ ጊዜ በጠፋ ነበር።

ከዚህም አልፈን ከዚህ ሰው ላይ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ እንቀንስና የሚቀረውን እንይ። በ1968 በሜክሲኮ እግሩ ታምሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ድል ተቀነሰ። በ1969 ደግሞ፣ ከቶኪዮ ድሉ በኋላ በሽልማት ባገኛት ቮልስዋገን ሲሄድ አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ ከዚያ ወዲያ አልታዘዙትም። እግርም ተቀነሰ። (ወጣቶች ሯጭን በአውቶሞቢሉ ሲመዝኑ ስሰማ ሁልጊዜ ይህች ቮልስዋገን ትታወሰኛለች።) ያለ ድልና ያለ እግር የቀረ ሯጭ በገበያ ሚዛን ምን ያህል ያወጣል? ምንም። አበበ ግን ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ስፍራ ሄዶ በ1970 በዚያ በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። በ1971 በኖርዌይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ አድርጎ ጠራው። ኦክቶበር 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እስቲ ልብ በሉት፤ ሩጫ ለእርሱ ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከ1969 በኋላ በሩን ዘግቶ በተቀመጠ ነበር። ቀስት መወርወር የማያውቀው ሥራ ነው፤ እንደ ጀማሪ መማር፣ እንደ ጀማሪም መሸነፍ አለበት። የሁለት ኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆኖ ሳለ በሰው ፊት ጀማሪ ለመሆን አላፈረም። እኔ ግርማ የምለው ይህን ነው፤ ይህንንም የሚሸጥ ሱቅ እስከ ዛሬ አላየሁም።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ትዕግስት አሰፋ በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ፈጸመች። በዚያን ጊዜ የነበረውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለችው፤ ሰዓቷ አበበ በቶኪዮ ከሮጠበት እንኳ ይፈጥናል። ከዚያም ጫማዋን አውልቃ አንሥታ ሳመችው፤ ሥዕሉ በዓለም ዞረ። ያ የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ዋጋውም 500 ዶላር ነበር። ብዙ ወጣቶች ከዚያ ሥዕል ጫማውን እንጂ ሴቲቱን አላዩም።

ጫማ አይጠቅምም አልልም። የዛሬው የውድድር ጫማ በውስጡ የካርቦን ዝርግ ብረት መሰል ነገር አለው፤ ከሥሩም ቀላልና ነጣሪ ስፖንጅ ተደርጎለታል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2020 የመንገድ ውድድር ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ዝርጉም ከአንድ እንዳይበልጥ ወስኗል። ዳኛ ሕግ ያወጣበትን ነገር ከንቱ ነው ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ነገር ግን ያንን ጫማ ገዝቶ ያደረገ ሁሉ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ አልገባም። ትዕግስት ቀድሞ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በዚያ ርቀት ተወዳድራ ለፍጻሜው አልደረሰችም። ከዚያ በኋላ ስሟ ብዙ ሳይሰማ ዓመታት አለፉ፤ በ2022 በማራቶን ተመልሳ በርሊንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ አሸነፈች። በነዚያ ስሟ ባልተጠራባቸው ዓመታት ማን ሥዕል አነሣት?

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ጫማ ተቆርቍሬ አይደለም። ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሮጡትን ልጆች አያቸዋለሁ። ከነርሱ ብዙዎቹ የሚበሉት እንኳ ያልተሟላላቸው ናቸው፤ ትምህርታቸውን ትተው የመጡም አሉባቸው። ስለ ድፍረታቸው አከብራቸዋለሁ። የምፈራላቸው ግን ይህን ነው፤ ግርማ የሚገዛ ዕቃ ነው ብሎ ያመነ ልጅ ጫማውን ገዝቶ ግርማው ሳይመጣለት ሲቀር የሚቀጥለው ገበያ የመርፌ ገበያ ነው። ኪኒንና መርፌ የሚያቀብል ሰውም የሚናገረው በዚያው ቋንቋ ነው፤ «ይህችን ብቻ ብትጨምር እንደነርሱ ትሆናለህ» ይላል። በ2016 የዓለም አትሌቲክስ መሪዎች አበረታች መድኃኒትን በመቈጣጠር ረገድ እጅግ ደካማ ናቸው ብለው ከጠሯቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የአበበ አገር በዚህ መዝገብ ስትጻፍ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ሽንፈት ይልቅ ከበደኝ።

«ዛሬ ሩጫ እንጀራ ነው፤ ሯጭም እንደ ነጋዴ ራሱን ማሳመር አለበት» የሚል ይኖራል። እንጀራ መሆኑን አልነቅፍም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሩጫ ባገኘው ገንዘብ ሆቴል ሠርቷል፣ ሌላም ሥራ አቋቁሟል፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን ኃይሌን ስታስቡ በዓይናችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ሆቴሉ ነውን? ለእኔ የሚታየኝ የግራ ክንዱ ነው። በልጅነቱ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ደብተሩን በግራ እጁ አቅፎ ይሮጥ ስለ ነበረ፣ የዓለም ጌታ ከሆነም በኋላ ያ ክንድ ደብተር እንዳቀፈ ታጥፎ ቀረ። አሠልጣኝ ቢያየው ጕድለት ነው ይለው ይሆናል። ማንም ያላየው የአርሲ መንገድ በሰውነቱ ላይ ታትሞ በዓለም ፊት ወጣ። አሁን አንድ ጐበዝ ኃይሌን እመስላለሁ ብሎ ክንዱን አጥፎ ቢሮጥ ሰው ሁሉ ይስቅበታል፤ መንገዱን ሳይሄድ ምልክቱን ወስዷልና።

ምሩፅ ይፍጠርንም አስቡ። ቁመቱ አጭር፣ ጠጕሩ የሳሳ ሰው ነበር፤ የዛሬ ማስታወቂያ ሠሪ ቢያየው ለመለጠፊያው አይመርጠውም። በ1972 በሙኒክ ነሐስ አገኘ፤ በ1976 አገሩ ከሞንትሪያል ቀረች፤ በ1980 በሞስኮ 5,000ውንም 10,000ውንም ሜትር አሸነፈ። ጋዜጠኞች ዕድሜህ ስንት ነው እያሉ አሰለቹት። የአገሩ ሰው ግን ዕድሜውን ትቶ በመጨረሻው ዙር የሚያደርገውን አይቶ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ይህን ስም ያወጣለት ድርጅት የለም፤ ሰው በየመንደሩ አወጣው።

እርጋታ ያልሁት ነገር ሌላም ፊት አለው፤ እርሱም ተወዳዳሪን የሚያዩበት ዓይን ነው። በራሱ የማይተማመን ሰው የተሸነፈውን መናቅ ያስፈልገዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከኋላዋ የገባችው የደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተለይታ ኖራ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነው። ሁለቱ፣ ጥቍሯና ነጯ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደራርቱ ብቻዋን ብትዞር ማን ይነቅፋት ነበር?

በ2004 በአቴና የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ከታላላቆቻችሁ ሰምታችሁታል። ኃይሌ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሴኮንዶች ብቻ ቀድሞ ካሸነፈ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ግን የተረከዙ ጅማት ታምሟል። ወጣቶቹ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ከፊት ሆነው በ10,000ው ሜትር ይመራሉ። ኃይሌ ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምር ሁለቱ ሩጫቸውን ቀዝቀዝ አድርገው ወደ ኋላ እየዞሩ ተመለከቱት። የኦሊምፒክ ወርቅ ከፊታቸው ተቀምጧል፤ ሌሎች ተወዳዳሪዎች አብረዋቸው ናቸው፤ እነርሱ ግን ታላቃቸውን ይጠብቃሉ። በሩጫ ሕግ ይህ ሞኝነት ነው። ኃይሌ ሊደርስባቸው አልቻለም። በመጨረሻ ቀነኒሳ ተፈትልኮ በ27 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ገባ፣ ስለሺ ተከተለው፤ ኃይሌም በሕመሙ ላይ ሆኖ ሳያቋርጥ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ።