ማህተሙን ኪሳቸው ከተው የወጡት ሽማግሌዎች

የአንድ የሙዚቃ ባንድ ስም የማን ነው? የመሠረቱት ሰዎች? ዘፍኖ ያስጠራው? ወይስ ማልዶ መዝገብ ቤት ገብቶ በራሱ ያስመዘገበው? «ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?» የሚል አይጠፋም። ግን ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም። በዚሁ ጥያቄ የተነሳ አንድ ከተማ ያደጉ፣ አብረው የተራቡና አብረው የጠገቡ ሰዎች ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል። ከመካሰሳቸው በፊት ደግሞ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ሌላ ነገር አድርገው አሳይተው ነበር። በወረቀት የያዙትን ስም ኪሳቸው ከተው፣ ስልሳ ዓመት አካባቢ ሲደርሱ እንደ ጀማሪ በአዲስ ስም መድረክ ላይ ወጡ። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ይኸኛው ነው።

የማወራው ስለ ሄቪ ሜታል ነው። «ያ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት?» አዎ፣ እሱው ነው። ሙዚቃውን መውደድ ግዴታ አይደለም። ታሪኩን መስማት ግን አይጎዳም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የላሜራ ፋብሪካው ልጅ

በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በምትባለው የፋብሪካ ከተማ፣ ቶኒ አዮሚ የሚባል ጎረምሳ ላሜራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ዕድሜው 17 ነው። ጊታር ይጫወታል፤ ግራኝ ነው። ሥራውን ለቆ ሙያዬ ወደሚለው ሙዚቃ ሊሄድ የመጨረሻ ቀኑ ላይ ሳለ፣ መኪናው የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆርጦ ጣለው። ግራኝ ጊታር ተጫዋች የጊታሩን ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። ሐኪሞቹ ጊታሩን እርሳው አሉት።

የፋብሪካው አለቃ ግን አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ። ሸክላው የጃንጎ ራይንሃርት ነበር፤ በእሳት ቃጠሎ ሁለት ጣቶቹ ከጥቅም ውጪ ሆነውበት በቀሩት ጣቶች ዓለምን ያስደነቀው የጃዝ ጊታሪስት። አዮሚ ይህን ሰምቶ ተነሳ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ፣ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ እንደሚያጠልቃት ዓይነት ቆብ ለራሱ ሠራ፤ ጫፏን በቆዳ ለበጣት። ክሩ ሲጠነክርበት ቀጭን ክር ፈለገ። በኋላም ክሩን አላልቶ መቃኘት ጀመረ። ያ ወፍራም፣ ከባድና የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው፣ ከዚያ የተቆረጠ ጣት ጋር ዝምድና አለው።

በ1968 አዮሚ፣ ቤዝ ጊታሪስቱ ጊዘር በትለር፣ ድራመሩ ቢል ዋርድና ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን ተሰባሰቡ። ኦዚ ቄራ የሠራ፣ በስርቆት ታስሮ የወጣ የድሃ ልጅ ነው። የቀድሞ ስማቸውን ሌላ ባንድም ይጠራበት ስለነበር ተዉትና በ1969 ከአንድ አስፈሪ ፊልም ላይ «ብላክ ሳባዝ» የሚለውን ስም ወሰዱ። ትርጉሙ «ጥቁር ሰንበት» ነው። ስሙን ሰምቶ የሚያማትብ እንዳለ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ግጥም የሚጽፈው በትለር ከታወቁት ሥራዎቹ በአንዱ የወቀሰው ድሃን ወደ ጦርነት እየነዱ ራሳቸው ዳር የሚቀመጡትን ሹማምንት ነው። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነበር።

ኦዚ ወጣ፣ ዲዮ ገባ

በ1979 መጠጡና ዕፁ ሲበዛ ኦዚ ተባረረ። በእሱ ቦታ ሮኒ ጄምስ ዲዮ የሚባል አሜሪካዊ ገባ። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ተራራ የሚያናውጥ። በ1980 «ሄቨን ኤንድ ሄል» («ገነትና ሲኦል») የተባለውን አልበም አወጡ። አለቀላቸው የተባሉት ሰዎች እንደገና ተወለዱ። በዚያው ዓመት ዋርድ ወጣና ቪኒ አፒስ ከበሮውን ያዘ። በ1981 ሁለተኛ አልበም ደገሙ።

ዛሬ የሮክ ወጣት ሁሉ የሚያሳየውን፣ ጠቋሚና ትንሿን ጣት ቀስሮ የሚወጣውን ምልክት ያስፋፋው ይኸው ዲዮ ነው። «የሰይጣን ቀንድ ነው» እየተባለ ስንት ተወራበት! ሰውዬው ግን ምልክቱን ያየው ጣሊያናዊት አያቱ ዘንድ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። አሮጊቷ እጃቸውን እንደዚያ የሚያደርጉት የሰው ዓይን እንዳይበላቸው ነበር። የእኛ አያቶች ልጅ አንገት ላይ ክታብ የሚያስሩት ለዚሁ አይደል? ሰይጣን መጥሪያ የተባለው ምልክት ቡዳ መከላከያ ሆኖ አረፈው!

ፍቅሩ ግን አልዘለቀም። በ1982 የመድረክ ሥራቸውን ቀርጸው ሲያቀናብሩ ተጣሉ። ዲዮና አፒስ ጥለው ወጡ። በ1992 ታርቀው አንድ አልበም ሠሩ። ወዲያው ደግሞ ኦዚ በካሊፎርኒያ «የስንብት» ያለውን ዝግጅት ሲያሳይ ብላክ ሳባዝ እንዲያሟሙቅለት ተጠየቀ። ዲዮ አሻፈረኝ ብሎ ሄደ። ክብሩን በገንዘብ አልለውጥም ያለ ሰው ነው።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስሙ ምን ሲሆን እንደነበር ልንገራችሁ። ድምፃዊ ይመጣል፣ ድምፃዊ ይሄዳል። ስሙን ይዞ የቀረው አዮሚ ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ በ1986 ለብቻው ሊያወጣው ያዘጋጀውን አልበም፣ የአሳታሚው ኩባንያ ግፊት በዝቶ «ብላክ ሳባዝ» የሚል ስም ተለጠፈበት። ለነጋዴው ስም ማለት ሽፋን ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ውስጡ ማን አለ ብሎ አይጠይቅም።

ስሙ ኪስ፣ ሰውየው መድረክ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ2006 አዮሚ፣ በትለር፣ ዲዮና አፒስ እንደገና ተገናኙ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው የሮክ የክብር አዳራሽ ብላክ ሳባዝን መዝግቦ ነበር፤ የተመዘገቡት ግን አራቱ መሥራቾች ብቻ ናቸው። ዲዮ የለበትም። ሦስት አልበም አብሮ ሠርቶ ባንዱን ከመቃብር ያወጣው ሰው ከበር ውጪ ቀረ።

አዮሚ ስሙን አስመዝግቦ የያዘ ሰው ነው። ቢፈልግ «ብላክ ሳባዝ መጣላችሁ» ብሎ ማስታወቂያ ሊለጥፍ ይችል ነበር። አላደረገውም። የኦዚው ብላክ ሳባዝ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው፣ ሕዝቡ አይደናገር አለና ባንዱን በመጀመሪያው አልበማቸው ስም «ሄቨን ኤንድ ሄል» አሉት። በ2007 መጋቢት ወር ከካናዳ ቫንኩቨር ጉዞ ጀመሩ። ዲዮ ያኔ 64 ዓመቱ፣ አዮሚ 59 ነበር።

በዚያ ጉዞ በኦዚ ዘመን የተሠሩትን ዘፈኖች አንዱንም አልነኩም። የዓለም ሕዝብ ያፏጫቸውን፣ አዳራሽ የሚያናውጡትን ዘፈኖች ቤታቸው ትተው፣ ከዲዮ ጋር የሠሩትን ብቻ ተጫወቱ። አዳራሹም ሞላ። ከዚያም ዌልስ በሚገኝ ስቱዲዮ ገብተው አዲስ አልበም ቀረጹ። አልበሙ በ2009 ሚያዝያ ወጥቶ በመጀመሪያ ሳምንቱ አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ 8ኛ ሆነ።

«ሽማግሌዎቹ ገንዘብ ፈልገው ነው» ያሉ ነበሩ። ገንዘብ የማይፈልግ ማን አለ? ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አሮጌው ስም ከአዲሱ በብዙ እጥፍ ይሸጥላቸው ነበር። «የአልበሙ ስም ያው የታወቀ ነው፤ ብልጠት ነው» የሚልም አለ። ይህም እውነትነት አለው። ሆኖም የሠሩበትን አልበም ስም መውሰድና ሌላ ሰው የላበበትን ስም መውሰድ አንድ አይደሉም።

ክሱ መጣ

አልበሙ በወጣ በወሩ፣ በ2009 ግንቦት፣ ኦዚ አዮሚን ኒው ዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰው። ክሱ አዲሱን ባንድ የሚመለከት አልነበረም፤ «ብላክ ሳባዝ» የሚለው የንግድ ምልክት ግማሽ ይገባኛል የሚል ነበር። አዮሚ ደግሞ ኦዚ በ1980ዎቹ በፊርማው መብቱን ለቋል ብሎ ተከራከረ። ኦዚ በአደባባይ ያለው ግን ሌላም ነገር ነበረው፦ በኅሊና ከታየ ስሙ የአራታችንም እኩል ሊሆን ይገባል አለ።

እኔ በዚህ ላይ ከኦዚ ጋር ነኝ። ወረቀቱ የአዮሚ ሊሆን ይችላል። ግን ያለ በትለር ግጥም፣ ያለ ዋርድ ከበሮ፣ ያለ ኦዚ ድምፅ ያ ወረቀት ምን ይጠቅማል? ሕግ ፊርማን ያያል፤ ላብን አያይም። ማህተሙ በአንዱ ኪስ፣ ሕዝቡ ከሌላው ጋር ሲሆን ምን እንደሚመጣ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ጉዳዩ በ2010 በስምምነት ተዘጋ። ዝርዝሩ ይፋ አልወጣም። በዚያው ዓመት ግንቦት 16 ቀን ዲዮ በጨጓራ ካንሰር አረፈ። ዕድሜው 67 ነበር። የቀሩት ጓደኞቹ በሐምሌ ለንደን ላይ ሌሎች ድምፃውያን ይዘው አንድ የመታሰቢያ ዝግጅት አቀረቡለትና «ሄቨን ኤንድ ሄል» በዚያው አበቃ። ሌላ ድምፃዊ ቀጥረው ስሙን ሊነግዱበት አልሞከሩም። ይህም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የቀረው ሒሳብ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። በ2011 አራቱ መሥራቾች በአሮጌው ስም ተመልሰናል አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ቢል ዋርድ «የቀረበልኝ ውል የሚፈረም አይደለም» ብሎ ቀረ። ሦስቱ ያለ እሱ ቀጠሉ። በ2013 ያወጡት አልበም በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። ያ የአራት ሰው ስም ነው፤ የተከበረው በሦስት። በ2006 ስሙን ለኅሊናው ሲል ኪሱ የከተተው አዮሚ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ መሥራች ጓደኛው ሲቀር አብሮ ቀጠለ። ሰው ነውና አንዴ ጥሩ የሠራ ሁልጊዜ ጥሩ አይሠራም። ያደነቅኩትን ያህል ይህንንም መናገር አለብኝ።

ሒሳቡ የተወራረደው በ2025 ነው። ሐምሌ 5 ቀን ያደጉባት በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ አራቱም ዋርድን ጨምሮ ከ20 ዓመት በኋላ አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ኦዚ በበሽታ ምክንያት መቆም አቅቶት ዙፋን በመሰለ ወንበር ተቀምጦ ዘፈነ። ከ17 ቀን በኋላ ሞተ።

ያን ቀን ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ የንግድ ምልክቱ በማን እንደተመዘገበ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ አራቱም አሉ ወይ? ነበሩ። ስም ያለው ሁሉ፣ ማህተም የያዘ ሁሉ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከኪስ የሚወጣ ወረቀት መልስ አይሆንም።

ቸር ይግጠመን።