በቃል ያጠና ሁሉ አንባቢ አይደለም

በሪያድ ጀራዲያ የሚያድግ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይጠብቀዋል። በትምህርት ቤት ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንግሊዝኛውን ከግራ ወደ ቀኝ ይማራል፤ በቤት ደግሞ ወላጆቹ ፊደል እንዲቈጥር ይሻሉ። ብዙዎቹ ልጆች ይህን ይወጡታል። አንዳንዶች ግን አራተኛና አምስተኛ ክፍል ደርሰውም አንድ አንቀጽ አንብቦ መጨረስ ይቸግራቸዋል።

ችግሩ ዘግይቶ የሚታወቀው ልጁ ስለሚሸፍነው ነው። ሀሁን በዜማ የሚያወርድ፣ አጫጭር ሱራዎችን በቃሉ የሚቀራ ልጅ ማንበብ ይችላል ተብሎ ይታመናል። ሂፍዝ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ጆሮ የያዘውን ሁሉ ዓይን ለይቶታል ማለት አይደለም። ይህን ለማወቅ ከፊደል ገበታው መካከል ያለ ቅደም ተከተል ጥቂት ፊደላትን እያመለከቱ መጠየቅ፣ ልጁ ሰምቶት ከማያውቀው ጽሑፍም ሁለት መስመር ማስነበብ ይበቃል።

መሰናክሉ በየቋንቋው ይለያያል። በዐረብኛ የታችኛው ክፍል መጻሕፍት ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ተደርጎባቸው ይታተማሉ፤ ክፍሉ ከፍ ሲል ምልክቶቹ ስለሚቀንሱ በእነርሱ ተደግፎ የመጣ ልጅ ይደናቀፋል። አማርኛ በበኩሉ መጥበቅና መላላትን በጽሑፍ አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። ይህን የሚለየው ቋንቋውን በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ነውና በቤት አማርኛ መነጋገርና ተረት መንገር ለንባብ ትልቅ ስንቅ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ነውር አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሳዑዲ ዐረቢያም በ2021 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ የአራተኛ ክፍል የንባብ ምዘና ያገኘችው 449 ነጥብ ከመካከለኛው 500 ነጥብ በታች ነበር። ስለዚህ ልጁን ሰነፍ ብሎ መዝለፍ፣ በታናናሾቹ ፊት አስነብቦ ማሳፈር፣ ይልቁንም መምታት ከመጽሐፍ ያሸሸዋል እንጂ አያስተምረውም።

በቅድሚያ ዓይኑና ጆሮው ይመርመር፤ መምህሩና የቁርኣን ኡስታዙም ችግሩን ይወቁ። ከዚያም ከመግሪብ በኋላ በየዕለቱ ሩብ ሰዓት ይመደብለት። ወላጅ አስቀድሞ ያንብብለት፤ ልጁ ይከተል፤ ያንኑ ጽሑፍ እስኪቀለው ድረስ ለጥቂት ቀናት ይደጋግመው። ጽሑፉ ለችሎታው የቀለለ፣ ለዕድሜው ግን የሚመጥን ይሁን፤ የዐሥር ዓመት ልጅ የሕፃን መጽሐፍ ሲሰጠው ክብሩ ይነካል። ማንበብ የማይችል ወላጅም አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጠው፤ «ምን ይላል?» ብሎም ይጠይቀው።

የዘገየ ሁሉ አልጠፋም። በ1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ልጅ ያሳደጉ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ ፊደል ለይተዋል። ለእነርሱ ያልረፈደ ለዐሥር ዓመት ልጅ አይረፍድም። የመጀመሪያው ወሕይ በንባብ ትእዛዝ እንደ ጀመረ የሚያምን ማኅበረሰብ ማንበብ የተሳነውን ልጁን በሩብ ሰዓት ሊሰስትበት አይገባም።