ኤሊ ድንጋይ አይደለችም

በጋምቤላ ተሳቢ እንስሳት ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የባሮ አዞ ነው። ቀጥሎ ዘንዶና አርጃኖ ይመጣሉ። ኤሊን ግን ከእንስሳ የሚቆጥራት ያለ አይመስልም። ልጆች ከጫካ ያመጧታል፣ እንዳትጠፋ ተብሎ የቅርፊቷ ጠርዝ በምስማር ይበሳና በሲባጎ ትታሰራለች። በሰፈራችን አንዷን እንዲህ ታስራ አይቻለሁ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ደም ደርቆ ዝንብ ወሮት ነበር። ባለቤቱን ብጠይቀው «አይሰማትም እኮ፣ ድንጋይ ነው» አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ ችግሩ ያለው እዚች አባባል ላይ ነው። የኤሊ ቅርፊት ሕይወት ያለው አጥንት ነው፤ የጀርባ አጥንቷና ጎድኖቿ ከሱ ጋር ተጋጥመዋል። ከላይ እንደ ጥፍራችን ያለ ሽፋን አለው፣ ከሥሩ ግን ደምና ነርቭ አለ። ስለዚህ ሲበሷት ያማታል፤ ችግሩ ጮኻ አለመናገሯ ነው።

«ሰው መድኃኒት ባጣበት አገር ለኤሊ ቁስል ትጨነቃላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለትንሽ ቁስል የሚያስፈልገው ከየቤታችን አይጠፋም። ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ አንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመርና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቁስሉን ማጠብ ነው። ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥኖ መቀባት። በየቀኑ እንዲህ እያደረጉ ንጹሕ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ፣ ጥላ ሥር ማቆየት ነው። ጋምቤላ ፀሐይ ላይ የተተወ ካርቶን ምጣድ ይሆናልና! ዝንብ እንቁላሉን ቁስሉ ላይ ከጣለ ትል ስለሚፈላ፣ ካርቶኑን በአሮጌ አጎበር መሸፈን ይበቃል።

የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚን ወይም ሱፐር ግሉ የሚያደርጉም አሉ። ይሄ ማከም አይደለም። ማጣበቂያ ጀርሙን ውስጥ ዘግቶ ያስቀረዋል። የሰው ኪኒን መስጠትም አደጋ ነው። የተሳቢ እንስሳ ቁስል ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፣ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል። ስንጥቁ ከጠለቀ፣ ደሙ ካልቆመ፣ ከሸተተ ወይም መብላት ካቆመች ግን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ግድ ነው። ኤሊ ጤነኛ ብትመስልም ሆድ የሚያሳምም ሳልሞኔላ የሚባል ተሕዋስ ልትይዝ ስለምትችል፣ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በተለይ ልጆች።

ሌላው ሕጉ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ስለዚህ በእኔ አመለካከት ትክክለኛው ሕክምና የሚያልቀው ቁስሉ ሲደርቅ ሳይሆን፣ ኤሊዋ ወደ ተገኘችበት ሣር ስትመለስ ነው። ለዚህም የዱር እንስሳት ባለሙያ ማማከር ይበጃል።

ከተጫዋች ልጅ ምስማሩን ቀምተን ብቻ ዝም አንበል። በምትኩ ስሪንጁን እናስይዘው፣ ማጠቡንም እናሳየው። ዝም ያለ ሁሉ አላመመውም ማለት እንዳልሆነ በኤሊ የተማረ ልጅ፣ ነገ ለሰውም ይራራል እላለሁ።

ቸር ይግጠመን!