የሰው መድኃኒትና የውሻ ጉበት

አንድ ሁኔታ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ቦታው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ካሉት ግቢዎች አንዱ ነው። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቀው፣ እንሰቱንና ጎደሬውን ከጃርት፣ በጎቹን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ጠዋት ደህና ነበር። ረፋዱ ላይ ግን በድንገት ይወድቃል፤ እግሮቹ ይገተራሉ፣ መንጋጋው ይገጥማል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ጥቂት ፋታ ያገኝና እንደገና ይንዘፈዘፋል። ልጆች ይጮኻሉ። ጎረቤት ዱላና ድንጋይ ይዞ ይደርሳል። «አብዷል!» የሚል አንድ ቃል ይሰማል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በማግስቱ ግቢው ሲጠረግ ከእንሰቱ ሥር የተቦጫጨቀ የክኒን ማሸጊያ ቢገኝ እንኳ ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ሰው አይኖርም። በአማርኛችን ጠያቂና ተበቃይ የሌለው ሞት «ደመ ከልብ» ይባላል፤ የዚህ ውሻ ሞት በቃሉ ቀጥተኛ ፍቺም ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ጸሐፊ ሊከራከርለት የሚወደው ሐሳብ አጭር ነው። ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ለውሻ ብርቱ መርዝ ሊሆን እንደሚችል ለታማሚው መድኃኒቱን በሚቀበልበት ሰዓት ሊነገረው ይገባል። ይህ ባለመለመዱ የሚጎዳው ደግሞ ውሻው ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው «አጥንት የሚፈጭ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ እንስሳ አንዲት ክኒን ምን ታደርገዋለች?» ብሎ ያስባል። ጨጓራውስ በእርግጥ ብርቱ ነው፤ ችግሩ ያለው በጉበቱ ላይ ነው። ወደ ሰውነት የገባ መድኃኒት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ተለውጦ መወገድ አለበት፤ ይህንንም በአብዛኛው የሚያከናውኑት የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው። በአገራችን በብዙ ቤት የሚገኘውን አይሶናያዚድ የተባለ የሳንባ ነቀርሳ (የቲቢ) መድኃኒት እንውሰድ። ሰው ይህን መድኃኒት የሚያስወግደው በዋነኛነት ኤን-አሲቲልትራንስፈሬዝ በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ነው። ከሰዎች መካከል ኢንዛይሙ በፍጥነት የሚሠራላቸውም በዝግታ የሚሠራላቸውም አሉ፤ በኋለኞቹ ደም ውስጥ መድኃኒቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ውሻ ግን ዘገምተኛ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ውሻና ሌሎች የውሻ ወገን የሆኑ እንስሳት ይህን ኢንዛይም የሚያስገኘው ጂን ጨርሶ የላቸውም። ስለዚህ እኛ በመጠኑ ወስደን የምንድንበት ክኒን በውሻ ሰውነት ውስጥ የሚያሰናብተው አጥቶ ይከማቻል።

የተከማቸው መድኃኒት የሚያደርሰው ጉዳት ለባዮሎጂ ተማሪ ትኩረት የሚስብ ነው። በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎች ከልክ በላይ እንዳይነሣሡ እንደ ልጓም የሚይዝ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጋባን ለመሥራት ከቫይታሚን ቢ6 የሚገኝ ረዳት የግድ ያስፈልጋል። አይሶናያዚድ ይህን ረዳት ያሳጣል፤ ረዳቱ ሲጠፋ ጋባ ይመናመናል፤ ልጓሙ የተፈታለት አንጎልም ያለማቋረጥ ወደሚመላለስ መንዘፍዘፍ ይገባል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ውሻው ክኒኑን ከዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። መንዘፍዘፍን ለማቆም የተለመደው ዳያዜፓም እንኳ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ እርሱ የሚሠራው ያለውን ጋባ በማጠናከር ነውና፣ ጋባው ካለቀ የሚያጠናክረው አይኖርም።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ለውሻ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቀሰው የአይሶናያዚድ መጠን በአንድ ኪሎግራም ክብደት 50 ሚሊግራም አካባቢ ነው። 18 ኪሎግራም የሚመዝን የግቢ ውሻ ከሆነ 900 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 300 ሚሊግራም ሦስት ክኒን ማለት ነው። ቲቢ እንዳይነሣ ለመከላከል በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንታት በሚሰጠው ሕክምና ደግሞ አንድ አዋቂ ሰው በአንድ ቀን የሚውጠው አይሶናያዚድ ልክ 900 ሚሊግራም ነው። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን መከላከያ የሆነው፣ ለግቢው ጠባቂ የሞት መጠን ነው። በየቀኑ አንድ ባለ 300 ሚሊግራም ክኒን እንዲወስድ የታዘዘለት ሰው የወር መድኃኒቱን በፌስታል ቋጥሮ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው፣ ፌስታሉ ውስጥ ያለው 9000 ሚሊግራም አሥር እንዲህ ያሉ ውሾችን ይበቃል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች መካከል የመዘገባት አገር ስለሆነች፣ ይህ ሒሳብ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም።

ሌሎቹን መድኃኒቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ፓራሲታሞል በኪሎግራም 100 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ የውሻን ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ለድመት ደግሞ አንዲት ክኒን እንኳ ልትገድል ትችላለች። አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላል፤ መጠኑ ሲበዛ ኩላሊትን ያደክማል። እነዚህን ብዙ ጊዜ ውሻው ሰርቆ አይበላቸውም፤ ሲያነክስ አይቶ ያዘነለት ባለቤቱ በዳቦ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። ደግነት ያለ እውቀት ሲሆን እንዲህ ነው።

ወደ ዱላው ልመለስ። የሚንዘፈዘፍና ለሃጩ የሚዝረከረክ ውሻ ሲታይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ስሕተት አይደለም። በሽታው በአገራችን አለ፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላም መዳን የለም ለማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጥርጣሬ ጎረቤት ነው። በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በስትሪክኒን መግደል የቆየ ልማድ በመሆኑና ይህም መርዝ እንዲሁ ስለሚያንዘፈዝፍ፣ «እገሌ አብልቶብኝ ነው» የሚል ቂም ይተከላል። በፌስታሉ ውስጥ የነበረውን ክኒን የሚጠረጥር ግን አይገኝም።

ልዩነቱን በዓይን ብቻ መወሰን ለባለሙያም ይከብዳል። በጥቅሉ መመረዝ ደህና በነበረ ውሻ ላይ በሰዓታት ውስጥ ድንገት ይመጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ግን በቀናት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ ነው፤ ጠባይ ይለወጣል፣ ድምፅ ይሻክራል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ውሻውም አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል። እርግጠኛው ማረጋገጫ የአንጎል ምርመራ ነው። ጭንቅላቱን በድንጋይ መፈርከስ ደግሞ ይህንኑ ማስረጃ ያበላሻል። ማስረጃው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መመርመር ቢችልም፣ ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሰው አንጎል ሳይፈርስ ከቆየ ነው። ካልቆየ ቤተሰቡ በሙሉ በጥርጣሬ ክትባት ይወጋል፤ ወይም የባሰው ይሆንና «ክኒን በልቶ ነው» ተብሎ እውነተኛው በሽታ ይታለፋል።

ስለዚህ በመሐል ያለው ጠባብ መንገድ ይህ ነው። ውሻው ክኒን መብላቱ ቢታወቅም እንኳ እጅ ወደ አፉ አይሰደድ፤ ከሰውና ከሕፃናት ይራቅ። ወተት፣ ዘይት ወይም ጨው መጋት በሚንዘፈዘፍ እንስሳ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ከማስገባት ሌላ ጥቅም የለውም። የክኒኑ ማሸጊያ፣ የጎደለው ብዛትና የተበላበት ሰዓት ተይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም ይኬድ። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ክኒኑ መገኘቱ ይህን ጥንቃቄ አያስቀርም።

«ለሰው መድኃኒት በቅጡ ባልተዳረሰበት አገር ስለ ውሻ መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር ይህ ጸሐፊ ያውቃል። ነገር ግን ውሻው የበላው ክኒን የታማሚው ክኒን ነው። የወር መድኃኒቱ የጠፋበት ሰው ለመመለስ ያፍራል፣ ሕክምናውን ያቋርጣል፤ ሕክምና መቆራረጥ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚመጣባቸው በሮች አንዱ ነው። በመድኃኒት ከረጢት ላይ «ከሕፃናት አርቀው ያስቀምጡ» የሚለው ምክር ልጅ እንዳይደርስበት ከፍ ማድረግን ያስታውሰናል እንጂ፣ በአፍንጫው ፈልጎ ወንበር ላይ የሚወጣን፣ ማሸጊያ በጥርሱ የሚቀድን እንስሳ አያስታውሰንም። «ከእንስሳትም» የሚል አንድ ቃል ቢጨመርና መድኃኒት አዳዩ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክዳን ያለው ጣሳ ብትመክር ወጪ የለውም።

ማርከሻውም ሩቅ አይደለም። አይሶናያዚድ የሚያሳጣው ቫይታሚን ቢ6 ስለሆነ ማርከሻው ይኸው ቫይታሚን ነው፤ ከተዋጠው አይሶናያዚድ ጋር በሚሊግራም እኩል የሆነ መጠን በደም ሥር ይሰጣል። ብዙ ታማሚዎች ነርቫቸው እንዳይጎዳ ከአይሶናያዚድ ጋር የሚሰጣቸው ክኒን ቢ6 ነውና መርዙና ማርከሻው በአንድ ፌስታል ውስጥ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው። የሚንዘፈዘፍ ውሻ ግን ክኒን ሊውጥ አይችልም፤ የሚያስፈልገው በመርፌ የሚሰጠው ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሰውንም የእንስሳትንም ሕክምና ያስተምራል። የሁለቱ ክፍል ተማሪዎች ተገናኝተው በዞኑ ካሉት የእንስሳት ክሊኒኮች ይህ መርፌ በስንቱ እንደሚገኝ ቢቆጥሩ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው፤ ይህ መጽሔትም ውጤቱን በደስታ ያትመዋል።