የእንዶድ ዕዳ

በድሃ አገር የሚካሄድ የማኅበረሰብ ጤና ምርምር ያልተጻፈ ሕግ አለው። ጥያቄው ከሩቅ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ደሙ፣ ሰገራውና መጠይቁ ከመንደር ይሰበሰባል፤ መልሱ ደግሞ ወደመጣበት ይመለሳል። ይህ የአኩራፊ ምሁር ሐሜት ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ እስቲ የእንዶድን ታሪክ አብረን እንመርምር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚፈሰው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና፣ የበሽታው ሰንሰለት የሚበጠስበት መሣሪያ በየጓሮው በቅሎ ተገኘ ማለት ነው። በዚያው በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ዓለም ግን አላመነም። የደኅንነት ማስረጃው በበለጸጉት አገሮች መስፈርት ይቅረብ ተባለ። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመሩ ተገቢ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ሆኖም መስፈርቱን ያወጣው ወገን ወጪውን አልሸፈነም፤ ያን መስፈርት የሚያሟላ ቤተ ሙከራም በአገራችን አልነበረም። ዶ/ር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ፣ ከመጀመሪያው ግኝት ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያስ? በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ባለዛጎል ፍጡር በተዛመተ ጊዜ እንዶድ ድንገት ተፈላጊ ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ አገልግሎት የፈጠራ ባለቤትነት መብት በአሜሪካ አስመዘገበ። የዶ/ር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ ጋር ቢሰፍርም መብቱ የተያዘው በዩኒቨርሲቲው ነው። የእንዶድን ጠባይ ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት አጣቢዎችስ? ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

ይሁን እንጂ ጣታችንን ወደ ፈረንጅ ብቻ መቀሰር ራስን መሸንገል ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራንስ ምን እያደረግን ነው? ገበሬውን በቋንቋው ጠይቀን በእንግሊዝኛ እናሳትማለን። በጽሑፉ ማዕረግ እናገኝበታለን፤ የልጁን ሰገራ በብልቃጥ የሰጠችን እናት ግን ልጇ ትል ይኑርበት አይኑርበት እንኳ ሳይነገራት የምትቀርበት ጊዜ አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ከጥቅሙ ተካፋይ እንዲሆን ደንግጓል። የራሳችን ኅሊና ካልደነገገው ግን አዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ውጤቱ በአካባቢው ቋንቋ ለቀበሌው ሕዝብና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያልተገለጸ የማኅበረሰብ ጤና ጥናት ለማንም መምህር ለማዕረግ ዕድገት አይቆጠር። «በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለመረጃ ሰብሳቢ አበል የተገኘው በጀት፣ ተመልሶ ውጤቱን ለመንገር ሲሆን ወዴት ይጠፋል?

የዓድዋ ሴቶች ለሳይንስ ያበደሩት ዕውቀት ገና አልተከፈለም። ዕዳው የውጭ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።